ሰው በተሰለፈበት ሥራ አለ

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሥራ ልንጫወት አስበናል። ሥራ ስንል ግን በየኤጀንሲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን፣ መቶ ሰው አመልክቶ ሁለት ሰው የሚጠራበትን ማለታችን አይደለም። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አብዛኞቻችንም ደጅ ጠንተን ተመልሰናል። የምንጫወተው በየብሎካችን፣ ዓይናችን ሥር ሆኖ ሳለ እንደ ችግር ብቻ ቆጥረን ስለምናልፈው ሥራ ነው። ነገሩን ከሩቅ ከምንጀምረው ከገዛ ክፍላችን፣ ከስም መጥሪያው መዝገብ ብንነሳ ይሻላል።

እዚህ ካኩማ በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ልጆች ይዞ ማስተማር ለእኛ ለመምህራን አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ ሁሉ ብዛት መሀል ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ በዓይን መለየት ስለማይቻል የሚነግረን መዝገቡ ነው። ባለፈው ዓመት የአንዱን ተርም መዝገብ ስንደምር አንድ ነገር ገረመን። ሴቶቹ ልጆች የሚቀሩት በዘፈቀደ አልነበረም። የቀሪ ምልክቱ ተሰብስቦ የሚገኘው ራሽን በታደለ ማግሥትና በሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነችን በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት፤ በአንድ ተርም ብቻ አሥራ አንድ ቀን ቀርታለች። ጠርተን ብንጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ወፍጮ ቤት ነበርኩ ቲቸር» አለችን።

ወፍጮ ቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማሽላው የሚታደለው በጥሬው ነው። እናት ጨቅላ ታቅፋለች፣ ወይም ሻይ እየሸጠች ነው፣ ወይም ክሊኒክ ሄዳለች። ስለዚህ ከልጆቹ ትልቋ ሴት ከረጢቱን ተሸክማ ከማለዳ ጀምሮ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ትቀመጣለች። ትታው ብትሄድ ተራዋ ያልፋል፤ እህሉም ላይጠብቃት ይችላል። ናፍጣ ካለቀ ወይም የሞተሩ ቺንጋ ከተበጠሰ ደግሞ ነገ ተመልሳ ትሰለፋለች። ታዲያ እኛ መምህራን ይህን ስንሰማ ያደረግነው ምን መሰላችሁ? ለወላጆች ደብዳቤ ጻፍን። «ልጃችሁን ከትምህርት ገበታ አታስቀሩ» የሚል። ደብዳቤ ግን ማሽላ አይፈጭም።

መፍትሔው የመጣው ከእኛ አልነበረም። ደብዳቤው ከደረሳቸው እናቶች ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛዋ ልጇን፣ ሁለተኛዋ የእህቷን ልጅ በየወሩ ወፍጮ ቤት ይልኩ ነበር። ቁጭ ብለው ሲመካከሩ «ሁለታችን ተራ በተራ ብንወስድ ሁለቱም ልጆች አይቀሩም» ተባባሉ። በሚቀጥለው ወር እንደዚያው አደረጉ። ይህን ያየች ሦስተኛ ጎረቤት «እባካችሁ የኔንም ውሰዱልኝ፣ ሃያ ሽልንግ እሰጣለሁ» አለች። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ብሩን ያመጣችው ደንበኛዋ ናት፤ ሴቶቹ ገና ሥራ መሆኑን አላወቁትም።

ከዚያ በኋላ ከገበያ አንድ የእጅ ጋሪ፣ አገሬው ምኮኮቴኒ የሚለውን፣ በቀን ሁለት መቶ ሽልንግ ተከራዩ። የሚገፋ ጎረምሳ ቀጠሩ። ከየቤቱ እህሉን ወስደው፣ አስፈጭተው፣ ዱቄቱን ቤት ድረስ ለመመለስ ከወፍጮው ዋጋ ውጪ ሠላሳ ሽልንግ አሉ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ቤት አገኙ፤ አራት መቶ ሃያ ሽልንግ። የጋሪውን ሁለት መቶ፣ የልጁን መቶ ሲቀንሱ የቀረው መቶ ሃያ ነው፤ ስልሳ ስልሳ ተካፈሉ። ትንሽ ነው፤ ግን ከእጃቸው አንድም ሽልንግ አልወጣም ነበር።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ሆነላቸው ማለታችን አይደለም። በሁለተኛው ቀን የሁለት ቤት ዱቄት ተቀያየረ። የአንደኛው ነጭ ማሽላ ነበር፣ የሌላኛው ቀይ። ጩኸቱ ብሎክ ሊደሩ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ከረጢት በየቤቱ የቀለም ክር ያስሩለታል። ቀጥሎ ደግሞ «ዱቄቴ ጎደለ» የሚል ሙግት መጣ። እህል ሲፈጭ የሚበን፣ ወፍጮው ውስጥም የሚቀር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሰው ዓይኑ ሳያይ የተፈጨበት እህል ሲያንስበት ሌብነት ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት የሚንጠለጠል ሚዛን ገዙ፤ በባለቤቱ ፊት መዝነው ይቀበላሉ፣ በባለቤቱ ፊት መዝነው ያስረክባሉ። ሚዛኑ ከተገዛ ወዲህ ነው ሰው በእርግጥ ያመናቸው። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሴቶች የሸጡት ጉልበት ብቻ አይደለም፤ እምነትም ሸጠዋል፤ እሱ ደግሞ እዚህ ካምፕ ውስጥ ከጉልበት ይልቅ የሚወደድ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ። ካሽ የሌላት እናት ብትመጣስ? በሠላሳው ሽልንግ ፈንታ አንድ ጣሳ ዱቄት ይቀበላሉ። የተጠራቀመውን ዱቄት አንደኛዋ እናት እንጀራ ትጋግረውና ሻይ ቤት ትሸጠዋለች። ስለዚህ ከአንድ ችግር ሁለት ሥራ ወጣ።

«ለጎረቤት ምን ዋጋ ይጠየቃል?»

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አልቀረም። በኮሚኒቲያችን የተከበሩ አንድ አባት ሴቶቹን ጠርተው፣ «በኛ አገር ለጎረቤት እህል አስፈጭቶ መስጠት የጎረቤት ደንብ ነው። እናንተ የስደተኛ ራሽን ላይ ዋጋ ትተምናላችሁ?» ብለው ወቀሷቸው። እኛም ነበርንበት። እውነቱን ለመናገር ግማሾቻችን በልባችን ከሽማግሌው ጋር ነበርን።

ታላቂቱ ሴት የመለሰችው እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልጠፋም። «አባባ፣ በነጻ ብናደርገው ሁለት ወር እናደርገዋለን። በሦስተኛው ወር ይደክመናል፤ ልጆቹም ወደ ወፍጮ ቤት ይመለሳሉ።» ከዚያም አስከትላ ለአቅመ ደካሞችና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ያለ ዋጋ እንደሚያስፈጩ ነገረቻቸው። የእሳቸውንም ከረጢት ጭምር። ሽማግሌው ስቀው ዝም አሉ።

ይህን ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰውን ችግር አይቶ ሥራ መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ በሰው ችግር ላይ ቆሞ መብላት ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ውኃ ቦኖ ላይ በሌሊት ጄሪካን ደርድሮ ጠዋት ተራ የሚሸጥ ሰው አለ። እሱ ሰልፉን አላሳጠረም፤ እንዲያውም አስረዝሞ ነው የሚሸጠው። የሌላውን ራሽን ካርድ በመያዣ ይዞ የሚያበድርም አለ። እነዚህ ሰዎች ችግሩ ቢጠፋ ይከስራሉ፤ ስለዚህም ችግሩ እንዲጠፋ አይፈልጉም። ሴቶቹ ግን ሥራቸውን በሠሩ ቁጥር አንዲት ልጅ ክፍል ትገባለች።

የእኛ ሱቅ ለምን ተዘጋ

ሌላውን ስናስተምር የራሳችንንም ውድቀት መደበቅ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት መምህራን ሆነን፣ ከኢንሴንቲቫችን ባጠራቀምነውና ከእቁብ ባወጣነው እያንዳንዳችን አሥራ አምስት ሺህ ሽልንግ አዋጥተን ሱቅ ከፈትን። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ክብሪት። በዚያው መስመር ላይ ሰባት ሱቆች ነበሩ፤ ሰባቱም የሚሸጡት ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ፓስታና ክብሪት ነው። እኛ ስምንተኛ ሆንን።

ካኩማ በሱቅ አልተቸገረችም። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በካምፑና በከተማው ውስጥ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች፣ ከነዚህም መካከል 14 ጅምላ አከፋፋዮች መኖራቸውን ገልጾ ነበር። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 በበረሃ ላይ ሲቋቋም እዚህ ምንም እንዳልነበረ የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ፤ ያን ሁሉ ንግድ ያቆመው በብዛት ስደተኛው ነው። ያኮራል። ግን ለስምንተኛ ሱቅ ቦታ አለ ማለት አይደለም።

ሱቃችን ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መምህራን ስለሆንን ሰው እምቢ ማለት አይሆንልንም። «ቲቸር፣ ራሽን ሲወጣ እከፍላለሁ።» እሺ። «ቲቸር፣ ከውጪ ብር ሲላክልኝ።» እሺ። በአምስተኛው ወር የዱቤ ደብተራችን ላይ ሠላሳ አንድ ሺህ ሽልንግ ተጽፎ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ግን ጥቂት ሳሙናና አቧራ። ዘጋነው። የሚያሳፍረው ኪሳራው ሳይሆን፣ ሱቁን ስንከፍት የጠየቅነው ጥያቄ ነው። «ምን እንሽጥ?» ነበር ያልነው። «ሰዉ ምን አጥቶ ነው የሚንከራተተው?» ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። የወፍጮው ሰልፍ ያኔም ነበር። በየቀኑ አልፈነው ነው ወደ ሱቃችን የምንሄደው።

ጥያቄውን በትክክል የጠየቁ ትልልቅ ሰዎችም መጀመሪያ ተሳስተው እንደነበር ማወቅ ያጽናናል። ሁላችንም የምንገለገልበት ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ ከመጀመሩ በፊት ሲሞከር የታሰበው ትንንሽ ብድር የወሰዱ ሰዎች ክፍያቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ሰዎቹ ግን ስልኩ እጃቸው ሲገባ ገንዘቡን ለራሳቸው ጉዳይ ይላላኩበት ጀመር። በኬንያ ከተማ ሠርቶ ገጠር ላለው ቤተሰብ ብር መላክ ራስ ምታት ነበር፤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በዘመድ እጅ፣ እየጠፋም ጭምር። ድርጅቱ ሰው የሚያደርገውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። ከዚህ የምንወስደው ሰው ከሚናገረው ይልቅ የሚያደርገውን ማየት እንደሚበልጥ ነው። በሠላሳ ሽልንግ ሥራም ያው ነው።

ስለ ምድጃ

ማገዶ ሌላው ራስ ምታታችን ነው። ሲታደል የኖረው እንጨት መቼም በቅቶ አያውቅም፤ ከአገሬው ቱርካና ሴቶች ከሰል እንገዛለን፤ ለከሰሉ ሲባል ከራሽኑ ይሸጣል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ራሽኑን ከቀነሰና በኋላም ቤተሰቡን በምድብ ከፋፍሎ ማደል ከጀመረ ወዲህ፣ ከአፍ ተቀንሶ ለከሰል የሚሸጥ የቀረው ቤት ጥቂት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታይ ምሳሌ አለን። በናይሮቢ ጁዋ ካሊ የሚባሉት፣ ማለትም በጠራራ ፀሐይ ሥር ብረት የሚቀጠቅጡት ባለሙያዎች፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተኮሰ ሸክላ የሆነ የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ፣ በአግባቡ የተሠራው ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲተያይ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርስ ከሰል ይቆጥባል። የኛዋ «ላቀች» ምድጃ የዚችው የኬንያዋ እህት ናት። ለእንጀራ ደግሞ በአገራችን «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ወጣ፤ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከድን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይጠበቅብንም። የታወቀውን ነገር በቅርብ መሥራት ይበቃል።

በእኛ ዞን አንድ ወጣት ይህን ሞክሯል። በራሽን የመጡትን ባዶ የዘይት ጣሳዎች እየሰበሰበ፣ ሁለቱን ደራርቦ (አንድ ጣሳ ብቻውን ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበላል) ውስጡን በሸክላ ይለብጠዋል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሸጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ ተሰንጥቀው ተመለሱለት። ሌላ ሰው ቢሆን ተደብቆ ይከርም ነበር። እሱ ግን አራቱንም በነጻ ቀየረ፤ ሲቀይርም እያንዳንዷን ሴት «እንዴት ነበር የምትጠቀሚበት?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱ እሳቱን ለማጥፋት ውኃ ይደፉበት ነበር! ትኩስ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ፤ መቼም ይሰነጠቃል። አሁን ምድጃ ሲሸጥ ቆሞ ያስተምራል፤ ከሰሉን በአመድ አልብሶ ማፈንን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የሚመለስለት ጥቂት ነው። ነገሩ ከሸክላው ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ነበር፤ ግን ወቀሳውን ለገዢዎቹ ትቶ ቢሄድ ኖሮ ሥራውም ያኔ ይሰነጠቅ ነበር።

የቱርካና ሴቶችንም ችግር ማየት ደግ ነው። ከሰል በጀርባቸው ተሸክመው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ከዚያ ገዢ እስኪያገኙ በፀሐይ በየብሎኩ ይዞራሉ፤ ሲመሽ በረከሰ ዋጋ ጥለው ይሄዳሉ። አንዲት ሻይ ቤት ያላት እናት ከአራቱ ጋር ተነጋግራ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ ደጇ ድረስ እንዲያመጡላት፣ እሷም ዋጋ ሳትቀንስ ሁሉንም እንድትገዛ ተስማማች። እነሱ ከመዞር ዳኑ፤ እሷ ከሰል አጥታ ሻይ ቤቷን የምትዘጋበት ቀን ቀረ። የተረፋትንም ለጎረቤት በጣሳ ትቸረችራለች። ከአገሬው ጋር በሰላም መኖር በስብሰባ ብቻ አይመጣም።

እስቲ ደብተር ያዙ

እንግዲህ «ከየት ልጀምር?» ለምትሉን፣ በክፍላችን ያደረግነውን እንንገራችሁ። ለተማሪዎቻችን የቤት ሥራ ሰጠን። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው የተሰለፈበትን፣ ሰው ከሩቅ ተሸክሞ የሚያመጣውን፣ ሰው የሚጥለውን እያዩ ይጻፉ። ልጆች መቼም ይሉኝታ የለባቸውም። የስልክ ቻርጅ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ቤት ትተውት የሚጠፋው ስልክ። የተበላሸ የሶላር መብራት፤ በየቤቱ ጥግ ተጥሎ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ወይም አንዲት ሽቦ ብቻ የተበላሸ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፤ የታላቅየው ጠቦት ለታናሽየው የሚሰፋው። አንድ ልጅማ «አባቴ የሚጻፍለት ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለሰ» ብሎ ጻፈ። ማመልከቻ መጻፍ የሚችል ሰው በዚህ ካምፕ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ የት እንደሚገኝ ስለማይታወቅ ነው።

ያያችሁትን ችግር ከመያዛችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ሰዉ ለዚህ ችግር አሁንም የሚከፍለው ነገር አለ ወይ? ክፍያ ስንል ሽልንግ ብቻ አይደለም። አንድ ጣሳ እህል፣ የግማሽ ቀን ጉልበት፣ የልጅ የትምህርት ቀን፣ ሁሉም ክፍያ ነው። ምንም የማይከፍልበት ከሆነ ችግሩ ለእናንተ እንጂ ለእሱ ችግር አይደለም ማለት ነው። ደግሞ በትንሹ ሞክሩት። ጋሪ ከመግዛት መከራየት። አሥር ምድጃ እንጂ መቶ አይሁን። ብድር ወስዶ መጀመርን እኛ አንመክርም፤ የተቃጠለ ሰው ነው የሚነግራችሁ። የቤቱን ገንዘብና የሥራውን ገንዘብ በሁለት ቆርቆሮ ለዩ፤ ከሥራው ቆርቆሮ ለራት ስኳር ማውጣት በተጀመረ ቀን ሥራው ማለቅ ጀምሯል።

ስለ ሕጉም ጥቂት። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድም ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት ወደ መደበኛ ከተማነት ለመለወጥ ያለመ ነው። በወረቀት ያለው በእጅ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል፤ ከካምፕ ወጥቶ ዕቃ ለማምጣት ዛሬም የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠየቃል። ሱቅ ወይም የቆመ የንግድ ቦታ ያላችሁ ከካውንቲው የንግድ ፈቃድ አውጡ። ደረሰኙንም አስቀምጡ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ለማንም ሲሳይ ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቷ ልጅ እንመለስ። ሁለቱ እናቶች አሁን ከአምስት ቤተሰብ ጋር በሳምንት ሁለት መቶ ሽልንግ እቁብ ገብተው የራሳቸውን ጋሪ ገዝተዋል። በዚህ ተርም መዝገብ ላይ ልጅቷ እስካሁን የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንዱን ወባ ይዟት ነበር። ሁለተኛውን ስንጠይቃት «የጋሪው ጎማ ፈነዳ ቲቸር፣ እህሉን እኔ ይዤ ሄድኩ» አለችን። ጎማ የሚለጥፍ ሰው ከእኛ ብሎክ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው።